«ተያዘ» ወይስ «ታሰረ»? «ዲቴይን» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ በአማርኛ ሲነገር

ሰሞኑን ከአሜሪካ የሚመጣው ወሬ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ይዞ መጥቷል። ፒያሳ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጆሮውን የጣለ ሰው «ዲቴይን ተደረገ» ሲባል መስማቱ አይቀርም። የአንዷ የእህት ልጅ ነው፤ የሌላው አብሮ አደግ ነው። ወሬው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ቃሉ ይለዋወጣል። መጀመሪያ «ዲቴይን ተደረገ» ነበር። ትንሽ ቆይቶ «ተያዘ» ይሆናል። ከዚያ «ታሰረ»። ማታ እናት ጋ ሲደርስ «ምነው ልጄ፣ ምን አጥፍቶ ነው?» ይባላል።

መነሻችን ይህ የእናት ጥያቄ ነው። ልጁ በወንጀል አልተከሰሰ ይሆናል። በአሜሪካ ሕግ አንድን ስደተኛ የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይ እስኪታይ ይዞ ማቆየት የወንጀል ቅጣት አይደለም፤ የአስተዳደር እርምጃ ነው። «ታሰረ» የሚለው ቃል ግን ከቤት ሲደርስ ጥፋትን አስከትሎ ይገባል።

ነገሩ በተቃራኒውም ይከሰታል። እዚሁ አዲስ አበባ አንድ የታወቀ ሰው ፖሊስ ሲወስደው የውጭ ዜና ወኪሎች «ዲቴይንድ» ብለው ይጽፋሉ። ያንኑ ዜና ወደ አማርኛ የሚመልሱት ገጾች ግን አይስማሙም። አንዱ «ታሰረ» ይላል፣ ሌላው «ታገተ»፣ ሦስተኛው «ታፈነ»፣ የፖሊስ መግለጫ ደግሞ «በቁጥጥር ስር ዋለ»። አራቱ ቃላት አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በተለይ «ታገተ» ዛሬ በእኛ አገር ሽፍታ ገንዘብ ፍለጋ የወሰደውን ሰው የሚያስታውስ ከባድ ቃል ሆኗል። ለፖሊስ ሥራ ሲውል አንባቢው ማን ማንን እንደወሰደ እንኳ ይደናገረዋል።

ግሱ ከየት መጣ?

«ዲቴይን» ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ቃል ነው። በላቲን «ቴኔሬ» መያዝ ነው። ፊቱ ላይ ያለው «ዲ» ማራቅን፣ ማስቀረትን ያመለክታል። አንድ ላይ ሲሆኑ ሰውን ወይም ነገርን ከመንገዱ ማስቀረት፣ ይዞ ማቆየት ማለት ነው። ከሥሩ ብንነሳ ጥፋትም ቅጣትም የለበትም። ያለው መቆየት ብቻ ነው።

ይህ የመጀመሪያ ትርጉም ዛሬም በእንግሊዝኛ ሕያው ነው። ጨዋ እንግሊዛዊ እንግዳውን ሲሸኝ «ከዚህ በላይ ዲቴይን አላደርግህም» ይላል። አማርኛ እዚህ ላይ ምንም አይቸገርም። «በል፣ ብዙ አልያዝህ» እንላለን። «ስብሰባ ይዞኝ ቀረሁ»፣ «ዝናብ ያዘኝ»፣ «ወሬ ይዞኝ ምሳ አለፈኝ» እንላለን። «ያዘ» ልክ እንደ «ዲቴይን» ሁለት ፊት አለው። ዝናብም ይይዛል፣ ፖሊስም ይይዛል። ለእንግሊዝኛው ቃል በመንፈስ የሚቀርበው ግስ በእጃችን ያለው ይህ ነው።

የግሱ ዘመድ የሆነው «ዲቴንሽን» የሚለው ስምም ከተማችን ውስጥ ሌላ ሁለት ቦታ ይኖራል። አንደኛው በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶች ዘንድ ነው። «ልጅዎ ዛሬ ዲቴንሽን አለበት» የሚል መልእክት የደረሳቸው አያት ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። መልእክቱ ግን ልጁ ሌሎቹ ከተለቀቁ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ክፍል ውስጥ ይቀራል ማለት ነው።

ሁለተኛው የአስመጪዎች መንደር ነው። ለገሃር አካባቢ ያለ ማንኛውም ትራንዚተር «ዲመሬጅ» እና «ዲቴንሽን»ን ለያይቶ ይነግርሃል። ዲመሬጅ ኮንቴይነሩ ከተፈቀደለት ቀን በላይ ወደብ ውስጥ ሲቆም የሚከፈል ነው። ዲቴንሽን ደግሞ ኮንቴይነሩ ከወደብ ወጥቶ ባዶው በጊዜው ሳይመለስ ሲቀር የሚከፈል ነው። እዚህ «ዲቴይን» የሚያደርገው አስመጪው ራሱ ነው። የሰው ዕቃ ከቀኑ በላይ ይዞ አቆይቷል፤ ስለዚህ በየቀኑ ይቆጠርበታል። የቃሉ ልብ ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ዋናው ጉዳይ ጊዜ ነው። እስከ መቼ ነው የተያዘው? ከተፈቀደው ቀን አለፈ ወይስ አላለፈም?

አንድ ግስ፣ የተለያየ ክብደት

እንግሊዝኛ ለዚህ ጉዳይ ብዙ ግሶች አሉት። «አረስት» ከማቆም የመጣ ነው፤ የልብ ድንገት መቆምንም በዚያው ቃል ይጠሩታል። «ኢምፕሪዝን» ወህኒ ማስገባት ነው። «ሪማንድ» ፍርድ ቤት ሰውየውን በቀጠሮ ወደነበረበት መመለሱ ነው። «ኢንተርን» በተለይ በጦርነት ጊዜ ሰውን በማንነቱ ብቻ ሰብስቦ ማጎር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ አሜሪካ 120,000 ገደማ የጃፓን ዘር ያላቸውን ነዋሪዎች ያደረገችው ይህንን ነው።

በእነዚህ መካከል «ዲቴይን» የት ይቀመጣል? አደናጋሪው ነገር ቦታው እንደ አገሩ መለያየቱ ነው።

በአሜሪካ የመንገድ ፖሊስ ቋንቋ «ዲቴይን» ከ«አረስት» ያነሰ ነው። ፖሊስ የጠረጠረውን ሰው መንገድ ላይ ለአጭር ጊዜ አቁሞ ሊጠይቀው ይችላል። ይህንን የፈቀደው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1968 በቴሪ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። ለዚህ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ይበቃል። ለአረስት ግን ከዚያ የጠነከረ ማስረጃ ይጠየቃል። በዩቲዩብ ቪዲዮዎች ላይ መኪናው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ፖሊሱን «ዲቴይን እየተደረግሁ ነው ወይስ መሄድ እችላለሁ?» እያለ የሚከራከረው ለዚህ ነው። በአማርኛ «ይዘኸኛል ወይስ ልሂድ?» እንደማለት ነው። «አስረኸኛል ወይ?» ብሎ የተረጎመው ሰው ክርክሩን ያበላሸዋል።

በዚያችው አሜሪካ የስደተኞች ጉዳይ ላይ ግን ያው ግስ ይከብዳል። እዚያ ዲቴይን የተደረገ ሰው ለሳምንታት፣ አንዳንዴ ለወራት በር ተዘግቶበት ሊቆይ ይችላል። ወንጀል ስላልሆነ መንግሥት ጠበቃ የማቆም ግዴታ የለበትም። ቃሉ ለስላሳ ነው፣ ኑሮው ግን ለስላሳ አይደለም። ቤተሰብ «ዲቴይን ብቻ ነው፣ እስር አይደለም» ተብሎ ሲጽናና ይህንንም ማወቅ አለበት።

እንግሊዝ ደግሞ ጊዜውን ትቆጥራለች። በተራ ወንጀል የተጠረጠረ ሰው ክስ ሳይመሠረትበት 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። በከባድ ወንጀል ጉዳይ በፍርድ ቤት ፈቃድ እስከ 96 ሰዓት ይራዘማል።

ግራ መጋባቱን ለማጥራት ከሁሉ የሚጠቅመው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1988 ያጸደቀው የመርሆዎች ስብስብ ነው። እዚያ ውስጥ ቃላቱ አንድ በአንድ ተፈትተዋል። «አረስት» ሰውን የመያዝ ድርጊቱ ነው። «ዲቴይን የተደረገ» የሚባለው ነፃነቱን ያጣ፣ ነገር ግን በወንጀል ተፈርዶበት ያልሆነ ሰው ነው። «ኢምፕሪዝን የተደረገ» የሚባለው ተፈርዶበት ነፃነቱን ያጣ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አጥር አንድ ብቻ ነው፤ ፍርድ። የሰብአዊ መብት ሪፖርቶች «ዲቴይንድ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት በዚህ ትርጉም ነው። አንባቢ ይህንን አጥር ከያዘ ግማሹ ድንግርግር ይወገዳል።

ሕገ መንግሥታችን ምን ይላል?

የእኛ ሕግ እዚህ ላይ ከምናስበው በላይ ጠንቃቃ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 17 ሁለት ግሶችን ለይቶ ያስቀምጣል። ሰው ከሕግ ሥርዓት ውጭ አይያዝም። ክስ ሳይቀርብበት ወይም ሳይፈረድበት ደግሞ አይታሰርም። የእንግሊዝኛው ቅጂ ለመጀመሪያው «አረስት»፣ ለሁለተኛው «ዲቴይን» ይላል። ልብ በሉ፦ ሕገ መንግሥቱ «ዲቴይን»ን ያስቀመጠው «መታሰር» በሚለው ትይዩ ነው። በአንቀጽ 106 መሠረት ደግሞ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። ስለዚህ «ዲቴይንድ»ን «ታሰረ» ብሎ የተረጎመ ጋዜጠኛ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ሕጉ ራሱ ከጎኑ ነው።

ግን ሕጉ እዚያ አያበቃም። አንቀጽ 19 ስለ «ተያዙ ሰዎች» ይናገራል። አንቀጽ 20 ስለ «ተከሰሱ ሰዎች»። አንቀጽ 21 «በጥበቃ ሥር ያሉ» እና «በፍርድ የታሰሩ» ብሎ ሁለቱን ነጣጥሎ ይጠራል። አራት ስም፣ አራት ደረጃ። ዜናችን አራቱንም «ታሰረ» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ ይከታቸዋል።

ደረጃዎቹ ጊዜ አላቸው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ለጉዞ አግባብ ያለው ጊዜ አይቆጠርም። ፖሊስ በዚያ ጊዜ ካላቀረበው አካሉ ነፃ እንዲወጣ ፍርድ ቤት የመጠየቅ መብት አለው። ከቀረበ በኋላ መርማሪው ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቃል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዳይፈቀድ ይከለክላል። «14 ቀን ተቀጠረበት» የሚለው የዘወትር ዜና ምንጩ ይህ ነው። ሕጉ ግን 14 ቀኑ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ጣሪያ አላበጀም። ጭንቀቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። አንድ ሰው በ14 በ14 ቀን እየተቆጠረለት ወራት ሊሞላው ይችላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣውና በኋላ የተተካው የፀረ ሽብር አዋጅ ደግሞ አንዱን ቀጠሮ ከ28 ቀን እንዳያንስ፣ ጠቅላላውን ከአራት ወር እንዳይበልጥ አድርጎ ነበር።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሕገ መንግሥቱ በምንም ሁኔታ አይነኩም ብሎ በአንቀጽ 93 ከዘረዘራቸው መካከል አንቀጽ 17 እና 19 የሉበትም። ያን ጊዜ የ48 ሰዓቱ ቆጠራ ሊቆም ይችላል። በ2009 ዓ.ም. በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተይዘው «ተሐድሶ» የተባለ ሥልጠና ወስደው ወጥተዋል። አልተከሰሱም፣ አልተፈረደባቸውም። ለእነርሱ የሚሆነው ግስ የትኛው ነው? በእንግሊዝኛ ያለ ጥርጥር «ዲቴይንድ» ናቸው። በአማርኛ ግን እስከ ዛሬ አንዱ «ሠልጥኖ መጣ» ይላል፣ ሌላው «ታስሮ ወጣ»።

ቁራኛ፣ ወህኒ፣ ከርቸሌ

ሳይፈረድበት ሰውን ይዞ ማቆየት ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም። ቋንቋችን ውስጥ አሻራው ሞልቷል።

«በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» የሚለውን የማይጠቀም የለም። ቁራኛ ግን ድሮ የእውነት ሰንሰለት ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ እጅ ለእጅ ይቆራኙ ነበር። ቀለል ባለ ጉዳይ ኩታቸው እርስ በርስ ይቋጠራል። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ አብረው ያድራሉ። ይህ በትክክል «ዲቴይን» ነው፤ ሰውየው እንዳይጠፋ እስከ ፍርድ ማቆየት። ሥርዓቱ የሚያስገርም አንድ ባሕርይ ነበረው። ከሳሽም አብሮ ተይዟል። ስለዚህ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ የሚቸኩለው ተከሳሽ ብቻ አይደለም። ዛሬ በሰነፍ መርማሪና በረጅም ቀጠሮ የሚማረር ሰው ይህንን ቢያስብ የጠፋው ነገር ምን እንደሆነ ይገባዋል። ሰንሰለቱ ይመለስ ማለቴ አይደለም፤ የመዘግየቱ ሸክም በአንድ ወገን ትከሻ ላይ ብቻ መውደቁን ለማሳየት ነው።

«ወህኒ»ም እንዲሁ ነው። በጎንደር ዘመን የነገሥታት ልጆች ወህኒ በሚባለው አምባ ላይ ይቀመጡ ነበር። ከዚያ በፊት ግሸን አምባ ነበረች። ልዑላኑ ምንም አላጠፉም። ጥፋታቸው ዙፋን ይገባናል ሊሉ መቻላቸው ብቻ ነው። ዘውድ ከተቀዳጀው በቀር የተቀሩት በዚያ ተራራ ላይ ያረጁ ነበር። ዛሬ «ወህኒ» ስንል የምናስበው ፍርደኛን ነው። የቃሉ ታሪክ ግን ያልተፈረደባቸውን ይዟል።

«ከርቸሌ» ደግሞ ከጣሊያንኛው «ካርቸሬ» የመጣ ነው። ጣሊያንኛው ከላቲኑ «ካርሰር» የወረሰው ነው፤ ወህኒ ማለት ነው። እንግሊዝኛም ከዚሁ ሥር «ኢንካርሰሬት» የሚል ግስ አውጥቷል። እንግዲህ የአዲስ አበባ ሰው «ከርቸሌ ገባ» ሲልና አሜሪካዊ ዳኛ «ኢንካርሰሬትድ» ሲል ከአንድ ምንጭ ነው የሚቀዱት። ይህ ግስ ከ«ዲቴይን» የሚለየው በመቆለፉ ነው። «ዲቴይን» መንገድ ላይም ይሆናል፣ ኤርፖርት ላይም ይሆናል። «ኢንካርሰሬት» ግን ግንብና ቁልፍ ይፈልጋል።

የከርቸሌ ግንብ አዲስ አበባ ውስጥ ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙ የማይርቅ ቦታ ላይ ነበር። ውስጠኛው ክፍል «ዓለም በቃኝ» ይባል ነበር። ከዓለም የተለየ መነኩሴ የሚናገረውን ቃል እስረኛ እንዲወርሰው ያደረገ ስም ነው። ከየካቲት 12 በኋላ ጣሊያን የሰበሰባቸው ሰዎች እዚያ ታጉረዋል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የንጉሠ ነገሥቱን ባለሥልጣናትና የጦር መኮንኖች ያለ ፍርድ የረሸነው እዚያው ነው። ለወራት ተይዘው የቆዩ፣ ፍርድ ቤት ያላያቸው ሰዎች ነበሩ። ለእነርሱ «ዲቴይንድ» የሚለው ቃል እስከ መጨረሻዋ ሌሊት ትክክል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ግስ ተተካ። ወህኒ ቤቱ ፈርሶ ዛሬ በቦታው በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል።

በር ላይ ያሉ ሰዎች የሚያውቁት ቋንቋ

ጋዜጣው ያልለየውን የከተማው ሕዝብ ለይቶታል። ጠዋት ማንኛውም መሃል ከተማ ያለ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ የቆመ ሰው ያየዋል። ሴቶች ስንቅ ይዘው ተሰልፈዋል። ምሳ ዕቃው በፌስታል ተጠቅልሏል። ጠባቂው ክዳኑን ያስከፍታል፣ ወጡን በማንኪያ ገለጥ አድርጎ ያያል፣ ከዚያ ስም ይጠራል። ተራቸውን የሚጠብቁት የሚጠያየቁት አንድ ነገር ነው። «ያንቺ ቀጠሮው መቼ ነው?» አንዷ «ለሐሙስ» ትላለች። ሌላዋ «የእኔ ገና አልቀረበም፣ ትናንት ማታ ነው የያዙት» ትላለች። «ያዙት» እና «ቀጠሮ» መካከል ያለው ልዩነት እዚያ ሰልፍ ላይ የሕግ ትምህርት አያስፈልገውም።

የቦታ ስሞቹም ይለያሉ። «ማዕከላዊ ገባ» ሲባል ምርመራ ላይ ነው ማለት ነበር። ያ ጣቢያ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል፣ ቃሉ ግን በሰው አፍ ቀርቷል። «ቂሊንጦ ወረደ» ሲባል በአብዛኛው ክሱን በውስጥ ሆኖ እየተከታተለ ነው። «ቃሊቲ» ሲባል ብዙው ሰው ፍርድን ያስባል።

ማረሚያ ቤት ውስጥ ደግሞ ሁለቱ ቃላት ጥርት ብለው ተቀምጠዋል። «የቀጠሮ እስረኛ» እና «ፍርደኛ»። የቀጠሮ እስረኛ ማለት የእንግሊዝኛው «ዲቴይኒ» ነው። ፍርደኛ ማለት ተፈርዶበት «ኢምፕሪዝን» የተደረገው ነው። ተርጓሚዎቻችን መዝገበ ቃላት ሲያገላብጡ የሚያጡት ቃል የስንቅ ሰልፍ ላይ በየቀኑ ይነገራል። «ሸቤ ገባ» ወይም «ዘብጥያ ወረደ» የሚሉት ግን ልዩነቱን አያሳዩም፤ ለወሬ ይሆናሉ፣ ለዜና አይሆኑም።

«በቁጥጥር ስር ዋለ»፦ ሁለት ሐሳብ

የፖሊስ መግለጫ የሚወደው አባባል ይህ ነው። የሚደግፉት ሰዎች ምክንያት አላቸው። ሐረጉ አይፈርድም። «ታሰረ» ካልን ሰፈር ሁሉ ወንጀለኛ ያደርገዋል። ሥራው ይነካል፣ የተከራየበት ቤት ይነካል፣ የልጁ ስም ሳይቀር ይነካል። ሕገ መንግሥቱ ጥፋተኛ እስኪባል እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ካለ ዜናም ለስላሳ ቃል መምረጥ አለበት ይላሉ።

የሚቃወሙትም ክርክር ቀላል አይደለም። ሐረጉ ሰውን ከዕቃ ይቀላቅላል ይላሉ። እውነት ነው። «ኮንትሮባንድ ልብስ በቁጥጥር ስር ዋለ»፣ «የእሳት አደጋው በቁጥጥር ስር ዋለ»፣ «ግለሰቡ በቁጥጥር ስር ዋለ» እኩል ይባላሉ። እሳቱ ጠፍቷል፣ ልብሱ ተወርሷል፣ ሰውየው ግን የት ነው ያለው? ማን ያዘው? መቼ ፍርድ ቤት ይቀርባል? ሐረጉ አይነግረንም። እነዚህ ሰዎች «ታሰረ»ን ይመርጣሉ፣ ምክንያቱም የአካሉን እውነት ይናገራል። «አሰረ» የሚለው ግስ በሬም ይታሰርበታል፣ ነዶም ይታሰርበታል፤ ስለ ጥፋት የሚያውቀው የለም። ጥፋቱን የጨመርንበት እኛ ነን ይላሉ።

እኔ ወደ ሁለተኛዎቹ አዘነብላለሁ፣ አንድ ነገር ጨምሬ። «ታሰረ» ብቻውን አይበቃም። በመጀመሪያው ቀን «ፖሊስ ያዘው» ይባል፤ ማን እንደያዘው ይታወቃል። ፍርድ ቤት ጊዜ ሲፈቅድበት «በቀጠሮ ታስሯል» ይባል። ሲከሰስ «ተከስሶ ታስሯል»፣ ሲፈረድበት «ተፈርዶበት ታስሯል»። በእያንዳንዱ አንዲት ቃል ብቻ ነው የምትጨመረው። የ48 ሰዓቱ ቆጠራ ማለፉ የሚታየውም እንዲህ ሲጻፍ ነው። «ትናንት ተያዘ» ያለ ጋዜጣ ከነገ ወዲያ «ቀረበ ወይ?» ብሎ የመጠየቅ ግዴታ ውስጥ ይገባል። «በቁጥጥር ስር ዋለ» ያለ ግን ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል።

ትርጉም ቤት ውስጥ

ጉዳዩ ከሁሉ በላይ የሚመረው ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ ነው። ፍርድ ቤቶችና ኤምባሲዎች ባሉበት አካባቢ ሁሉ ትርጉም ቤት አለ። ጠባብ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ማኅተም፣ ለተራ የተደረደሩ ሁለት ሦስት ወንበሮች። የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ እዚያ ይተረጎማል። አንዳንዴ የሰው ሕይወት ታሪክም ይመጣል።

በአሜሪካ የጥገኝነት ማመልከቻ ላይ አንድ ጥያቄ አለ። አመልካቹ ወይም ቤተሰቡ በሌላ አገር ተወንጅለው፣ ተከስሰው፣ ተይዘው፣ ዲቴይን ተደርገው፣ ተመርምረው፣ ጥፋተኛ ተብለው ተፈርዶባቸው ወይም ወህኒ ገብተው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። ሁሉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ በኮማ ተለያይተው ተደርድረዋል። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ግሶቹን ለጌጥ አልደረደራቸውም። ለእያንዳንዱ የተለየ ማብራሪያ፣ የተለየ ቀን፣ ካለም የተለየ ወረቀት ይጠበቃል።

አመልካቹ በአማርኛ «ስድስት ወር ታስሬ ነበር» ብሎ ይጽፋል። ተርጓሚው «ኢምፕሪዝንድ» ካለው ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ባለሥልጣን የፍርድ ወረቀት ይፈልጋል። ወረቀት የለም፣ ምክንያቱም ፍርድ አልነበረም። «ታዲያ ለምን ተፈርዶብኝ ነበር አልክ?» ይባላል። ሰውየው አላለም። የተርጓሚው አንድ ቃል ነው ያለለት። እውነተኛ ታሪክ እንደ ውሸት መታየት የሚጀምረው እዚህ ነው። በተቃራኒው ተርጓሚው «ዲቴይንድ» ብሎ ቢጽፍና ሰውየው በእርግጥ ፍርደኛ ከነበረ የተደበቀ ነገር ያለ ይመስላል።

ደንበኛው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ «ታስሬ ነበር» ሲል ተርጓሚው ጣቱን ኪቦርዱ ላይ ከማሳረፉ በፊት «የቀጠሮ ነበርክ ወይስ ፍርደኛ?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃል። የሚቀጥለው ጥያቄ «ፍርድ ቤት ያቀረቡህ በስንተኛው ቀን ነው?» የሚለው ነው። መልሱ «አላቀረቡኝም» ከሆነ እሱም ይጻፍ።